በቀን አምስት ማንኪያ

ሰኞ፣ ጥር 14

የዘንድሮው እርድ ዛሬ መግባት ጀመረ። አሥራ አንድ ጆንያ ነው፣ አፈሩ ገና ከላዩ አልረገፈም። ባለቤቴ አንዱን ሥር አንስቶ ሰበረና አሸተተው፤ "ደህና ነው" አለ። እሱ ደህና ነው ካለ ግሩም ነው ማለት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስኖር ከዚህ የሚበልጥ ሙገሳ ከአፉ ወጥቶ አያውቅም፣ ለእኔም ጭምር።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ልጃችን ናት። "እማዬ፣ መቼ እንደቀቀልሽ፣ ስንት ቀን እንዳሰጣሽ በየዓመቱ ይጠፋብሻል፤ ጻፊው" አለችኝ። ሌላ ከተማ ሕፃናት ታስተምራለች፣ እኛንም እንደ ተማሪዎቿ ነው የምታዘን። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ፦ ነገ አጠባ፣ ረቡዕ ቅቀላ፣ ከዚያ ፀሐዩ ከፈቀደልን ሁለት ሳምንት ማስጣት። ሲደርቅ ሰውዬው፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ በወፍጯችን ይፈጨዋል፣ እኔ እሸጠዋለሁ።

የሰውዬውን ጉልበትም ልመዝግብ። ደረጃ ሲወጣ የሚያሰማው ማቃሰት ቀርቷል። ያዳነው የእኔ መድኃኒት ነው፤ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ዘይት፣ በሙቅ ወተት። ስጀምርለት በሻይ ማንኪያ ነበር፣ አሁን በሾርባ ማንኪያ አድርጌዋለሁ፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። ፊቱን ያጨማድዳል። ኩባያውን ባዶ አድርጎ እስኪመልስልኝ ድረስ ከአጠገቡ ንቅንቅ አልልም። እሱ ካልቆሙበት አይጨርስም።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ቅቀላ። ሦስት በርሜል። ጢስ፣ እንፋሎት። እጄ እስከ ክርኔ ቢጫ ሆኗል።

አንዱን በርሜል አሳለፍኩት። መብሰሉን የምንፈትንበት ስንጥር እንጨት ሥሩ ውስጥ ሲገባ ማውጣት ነበረብኝ፣ ግን ከደንበኛ ጋር ወሬ ይዤ ቆየሁ። ሥሩ ተልፈሰፈሰ። ባለቤቴ አይቶ ክዳኑን መለሰበት። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥር 19

ጡረተኛው ፖስተኛ መጣ። ይህን ሰፈር አርባ ዓመት በእግሩ ስለዞረው ሁሉም ሰው ቤት የሚገባ ይመስለዋል፣ ይገባልም። ለሾርባ የሚሆን እርድ ሊገዛ መጥቶ ዓይኑ ከመደርደሪያው ብልቃጦች ላይ አረፈ። ዱቄቱን ከቁንዶ በርበሬው ጋር ቀላቅዬ በብልቃጥ መሸጥ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ላዩ ላይ "ለጉልበት" ብዬ ጽፌበታለሁ።

"እውነት ይሠራል?" አለኝ።

"ባለቤቴን ይጠይቁት፣ ጋሼ።"

ባለቤቴ ቁጢጥ አለና ያለ ምርኩዝ ተነሣ። ፖስተኛው አጨበጨበ። ለትከሻው አንድ ብልቃጥ ወሰደ። ሲወጣ ባለቤቴን ከላይ እስከ ታች አየውና "አንተ ግን ከምትፈጨው በላይ ቢጫ ሆነሃል!" አለው። ሳቅን። "እዚህ ቤት ቢጫ ያልሆነ ነገር ቢኖር ሚዛኑ ነው፤ እሱንም በየቀኑ ስለምወለውለው ነው" አልኩት።

ሰው እርድን ለቀለም ብቻ ያስበዋል። እናቴ በእርድ ያላደረገችው ነገር አልነበረም። ሩዝ ሲፈላ ቁንጥር ታደርግበታለች፣ ዓሣ ከጨው ጋር ታሽበታለች። ሳል ሲይዘን ከማር ጋር፣ ስንቆረጥ ደረቁን ዱቄት ቁስሉ ላይ፣ ፊታችን ሲያብጥ ከወተት ጋር ለቅልቃ። የደበዘዘ መጋረጃ እንኳ ነክራበት አዲስ አስመስላ ትሰቅለው ነበር። በሕይወቷ ሐኪም ቤት የሄደችው ሁለት ጊዜ ነው፣ ሁለቱንም ጊዜ በሽተኛ ልትጠይቅ። እኔ የእሷ ልጅ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 22

ምሳውን መለሰ። ዓሣ ነበር፣ በእርድ የጠበስኩት፣ የሚወደው። "አላሰኘኝም" አለ። ጀርባውንም ያሳክከዋል፤ በሩ መቃን ላይ ሲታሽ አገኘሁት። የዱቄቱ ብናኝ ነው፣ በዚህ ወቅት ሁላችንንም ያሳክከናል።

እርድ ሆድ ይከፍታል። ከምሳ በፊት አንድ ማንኪያ ጨመርኩለት። ሦስት ሆነ።

ዓርብ፣ ጥር 25

ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። አዲሱ እስኪመጣ አንድ ሳምንት ይፈጃል ተባልን። እርዱን የምትለቅምልን ሴት፣ ለቃሚዋ፣ ብቻ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ የተሰጣውን እያገላበጠች ነው።

ባለቤቴ ከምሳ በኋላ ተኛ። ቀን ተኝቶ አይቼው አላውቅም። ሥራ የለመደ ሰው ሥራ ሲቆምበት ይደክመዋል፤ አባቴም ጡረታ የወጣ ሳምንት እንዲሁ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 28

ወፍጮው ከቆመ አራተኛ ቀን። የእኔ እጅ መልቀቅ ጀምሯል፣ ጥፍሬ ሥር ብቻ ነው የቀረው። የእሱ ግን አለቀቀም። ዛሬ ገላውን ሳጥበው በሎሚና በጨው ፈተግኩት፤ ውኃው ጥርት ብሎ ይወርዳል፣ ሰውዬው ያው ቢጫ ነው።

"ተይኝ እስቲ፣ ቆዳዬን ልትልጪው ነው" አለኝ።

"ሃያ ስድስት ዓመት የገባ ዱቄት በአንድ ቀን የሚወጣ መሰለህ?" አልኩት።

ዱቄቱ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ቀርቷል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል። ለድካሙ አራተኛ ማንኪያ ጨምሬለታለሁ፣ አሥር ሰዓት ላይ።

ረቡዕ፣ ጥር 30

ለቃሚዋ በስልክ ስታወራ ሰማኋት። "ባሏ እኮ አልቋል፣ እሷ ግን ታየው አይመስለኝም።"

ተናደድኩ። ከሰዓት በኋላ ያለ ምክንያት ጮህኩባት፣ የማስጫውን ሸራ አጣጥፈሽ አስቀመጥሽ ብዬ። ሸራውን ያጣጠፍኩት ራሴ ነበርኩ። ነገ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ደግሞስ እንዴት አላየውም? ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን አይደል?

ዓርብ፣ የካቲት 2

ደረቀ! አንዱን የእርድ ጣት ስሰብረው ቀጭ አለ። ውስጡም ያው ደማቅ ነው። አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ዳመና አላየንም። ልጄ ሆይ፣ ይኸው ተመዝግቧል።

ከለቃሚዋ ጋር ታርቀናል። ሻይ አፈላሁላት።

ማታ ኩባያውን ስሰጠው "ዛሬ ብተወውስ?" አለኝ። ሰውነቱ እንዲህ ደክሞ ሳለ እንዴት ይተወዋል? እንዲያውም ከመተኛቱ በፊት የሚወስደው አምስተኛ ማንኪያ ጀምሬለታለሁ። ቆሜ ጠበቅኩት። ጠጣው።

እሑድ፣ የካቲት 4

ልጃችን ሳትነግረን መጣች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አባቷን ለመሳም ጎንበስ አለችና ቆመች። መጋረጃውን ሄዳ ከፈተችው። ተመልሳ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው።

"አባዬ፣ ዓይንህ!"

"ብናኙ ነው" አልኳት።

"እማዬ፣ ብናኝ የዓይን ነጭ ውስጥ አይገባም። ነይ እዪው። እዪው እንጂ!"

አየሁት። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ነው።

"ሽንትህስ?" አለችው። መሬት መሬት እያየ "እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ ሁለት ሳምንት ሆኖታል" አላት። ሁለት ሳምንት! ለእኔ አልነገረኝም። ብነግርሽ ደግሞ አንድ ማንኪያ ትጨምሪብኛለሽ አለ፣ እየሳቀ። ልጄ አልሳቀችም። ማንኪያው የምኑ እንደሆነም አልጠየቀችም፤ ስልኳን ይዛ መኪና እየፈለገች ነበር።

ከሌላ ከተማ መጥታ በአንድ አፍታ ያየችውን እኔ አጠገቡ እየተኛሁ አላየሁም። የወፍጮ ቤት ሰው ሁሉ ቢጫ ነው፤ እኔም ቢጫውን ማየት ከተውኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ሰኞ፣ የካቲት 5

ሆስፒታል። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት።

ነርሱ ደም ሊቀዳ ክንዱን በአልኮል ሲጠርገው ጥጡ ቢጫ ሆነ። ደግሞ ሌላ ጥጥ፣ እሱም ቢጫ። "የተቀባ ሰው ነው እንዴ ያመጣችሁልኝ?" አለ። እኔ ደስ አለኝ። በቃ፣ ዱቄት ነው ብዬ። ከዚያ ሐኪሟ ዓይኑን አየችና ፈገግታዋ ጠፋ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ግን አትቸኩልም። ጉበቱ ተቆጥቷል አለች። በደሙ ውስጥ ያለው የቢጫው ቁጥር ከአንድ መብለጥ አልነበረበትም፤ የእሱ ዘጠኝ ነው።

"መጠጥ?" "አይጠጣም።" "የሚወስዱት መድኃኒት አለ? ከፋርማሲም ባይሆን፣ ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ?"

"ምንም" አልኩ።

ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ነበር፣ እኔ ቀደምኩት። አየኝና መልሶ ዘጋው።

እርድ ምግብ ነው። ሩዝ ይበላል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ መድኃኒት ነው፣ እርድ ደግሞ መድኃኒት አይደለም፣ ወጥ ቤት ያለ ነገር ነው። አልዋሸሁም።

አስተኝተውታል።

ረቡዕ፣ የካቲት 7

ቫይረስ የለም። ጠጠርም የለም፣ በአልትራሳውንድ አይተውታል። ምክንያቱን አላገኙትም። ቁጥሩ አሥራ አንድ ሆኗል።

ወተቱን በፔርሙስ እወስድለታለሁ፣ ጠዋትና ማታ። ሁለት ጊዜ ብቻ ስለምገባ ማንኪያዎቹን ለሁለት ከፍዬ ነው የማደርገው። ነርሱ "ጎበዝ ሚስት፣ ወተት ጥሩ ነው" አለኝ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ቀዳሁለት። ለምን ጀርባዬን እንደሰጠሁ እንጃ።

አዲሱ ቺንጋ መጥቷል። ወፍጮውን የሚያስነሣው ሰው የለም። ለቃሚዋ የደረቀውን ጆንያ ውስጥ ከታ አፉን ሰፋችልኝ። እግዜር ይስጣት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 10

አሥራ አራት።

ሐኪሟ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። "እናቴ፣ በዚህ ከቀጠለ ጉበታቸው ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ልንልካቸው እያሰብን ነው።"

"ካቆመ ይሞታል?"

"ሊሞቱ ይችላሉ።"

ደግ ሰው ናት፣ አልሸፋፈነችብኝም። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴን እወደዋለሁ። እዚህ ደብተር ላይ ጽፌው አላውቅም፣ ለእሱም ነግሬው አላውቅም መሰለኝ፤ አብልቼዋለሁ፣ አጥቤዋለሁ፣ ተጨቃጭቄዋለሁ። እሱ ከሞተ ያን ወፍጮ ቤት በየትኛው እጄ እከፍተዋለሁ።

ማታ ቁንዶ በርበሬውን አበዛሁበት። በርበሬው እርዱን ወደ ሰውነት ያስገባዋል ይባላል።

ሰኞ፣ የካቲት 12

ጉንፋን ይዞኛል። ነርሱ ስስል ሰምቶ ከበር መለሰኝ። ሳሉ እስኪለቀኝ አልገባም፣ ውስጥ ያሉት ሁሉ አቅመ ደካሞች ናቸው። ልጃችን ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ አባቷን ታስታምማለች። የሚበላው የሆስፒታሉን ነው።

ፔርሙሱን ይዤው ተመለስኩ። ለልጄ "ይህን አጠጪልኝ" ብዬ ልሰጣት ነበር፣ እጄን ዘርግቼም ነበር። ምንድን ነው ብትለኝስ? "ውኃ አምጥቼ ነበር፣ ግን አላችሁ" ብዬ መለስኩት። ለምን እንዲያ እንዳልኩ አላውቅም።

ዓርብ፣ የካቲት 16

ልጄ ደወለች። እያለቀሰች ስለነበር መጀመሪያ ሞተ ብዬ ነበር። ወርዷል! ከአሥራ አራት ወደ ዘጠኝ። ማሳከኩም ቀንሷል። ግማሽ ዳቦ በላ። ሐኪሟ "ምን ቀየርን?" እያለች መዝገቡን ስታገላብጥ ነበር አሉ፣ ምንም ያልቀየሩት መድኃኒት የለም፣ ማለቴ የቀየሩት መድኃኒት የለም።

ክንዱ ላይ የሰኩለት ግሉኮሱ ነው። በመጨረሻ ሠራ ማለት ነው።

እሑድ፣ የካቲት 18

ስድስት አለች ልጄ። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ሱቁን አልከፈትኩም፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ይህን ደብተር ከመጀመሪያው አነበብኩት። አንድ ማንኪያ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ምሳውን መለሰ፣ አንድ ጨመርኩ። ደከመው፣ አንድ ጨመርኩ። ልተወው አለ፣ አንድ ጨመርኩ። በገዛ እጄ፣ በገዛ ጽሑፌ። ፔርሙስ ስወስድለት ቁጥሩ ወጣ፣ እኔ ስቀር ወረደ። ዓርብ ዕለት ልጄ ስልኩን ሳትዘጋው በፊት ገብቶኝ ነበር። ግሉኮሱ ነው ብዬ የጻፍኩት እያወቅኩ ነው።

ይህን እያሰብኩ ሳለ በሩ ተንኳኳ፤ ፖስተኛው ነው። "ትከሻዬን ተሻለው፣ ሌላ ብልቃጥ ስጪኝ" አለ፣ ክንዱን ከፍ ዝቅ እያደረገ።

"ጋሼ፣ እስቲ ወደ ብርሃኑ ይምጡ" አልኩት። ዓይኑን አየሁ። ነጭ ነው። "በቀን ስንት ነው የሚወስዱት?"

"ትዝ ሲለኝ በማንኪያ ጫፍ። እውነቱን ልንገርሽ? ጣዕሙ አይወራም።"

"አልቋል" አልኩት።

ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ስድስት ብልቃጥ ተደርድሯል። ፖስተኛው ብልቃጦቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወጣ። የፖስተኛ ሥራው የሰው ደብዳቤ ሳያነቡ ማድረስ ነበር፣ ነገር መጠየቅ አያበዛም። ቢጠይቀኝ ኖሮ እነግረው ነበር ብዬ ልጽፍ ነበር። አልነግረውም ነበር።

ያ ብልቃጥ ላይ "ለጉልበት" ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባሌን ቁጢጥ ብድግ እያስባልኩ የሸጥኩት እኔ ነኝ። ሐኪሟ ብትሰማ ምን ትለኛለች፣ ሰፈሩ ምን ይለኛል፣ ልጄስ? ቁጥሩ እየወረደ ነው፤ ዝም ብል ማን ያውቃል? ግን ምክንያቱን ሳያውቁ ከሆነ የሚያክሙት፣ ነገ ሌላ ነገር ፍለጋ ጉበቱን በመርፌ ሊወጉት ነው። ልጄ ነገረችኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዘዋል።

ሳሌ ለቆኛል። ነገ እገባለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 19

ነገርኳት።

ሐኪሟ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር፣ ልጄ እግርጌው ተቀምጣ። እንዴት እንደምጀምር መንገዱን ሙሉ ሳዘጋጅ ሄጄ ሁሉም ጠፋብኝ። "ዶክተር፣ የመጀመሪያ ቀን ስትጠይቂኝ ዋሽቼሻለሁ" አልኩ። "እርድ እሰጠው ነበር። ከቁንዶ በርበሬ ጋር። ለጉልበቱ።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አወጣች። "በቀን ስንት?"

"ሁለት" አለ ባለቤቴ ከትራሱ። "የሻይ ማንኪያ። እሷ ታጋንናለች።"

ያን ያህል በፍጥነት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሐኪሟ መጻፍ ጀምራ ነበር።

"አምስት ነው" አልኩ። "የሾርባ ማንኪያ። ሙሉ።"

"እስከ መቼ?"

"እዚህም። በፔርሙስ። እስከታመምኩበት ቀን ድረስ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠችው። አልጮኸችም። ለምግብ የሚገባው ቁንጥር እርድ ሰው አይጎዳም አለች፤ በዚህ መጠን፣ ያውም ከቁንዶ በርበሬ ጋር፣ አንዳንድ ሰው ላይ ጉበት ያቆስላል፣ ማን ላይ እንደሚሆን ደግሞ አስቀድሞ አይታወቅም። "ያን ቀን ቢነግሩኝ ኖሮ፣ እናቴ..." ብላ ቀሪውን ተወችው። የማክሰኞውን መርፌ ሰረዘችው።

ልጄ ተነሥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አገኘኋት። "አሁን አታናግሪኝ እማዬ" አለችኝ። እሺ አልኳት።

ስመለስ ባለቤቴን "ለምን ሁለት አልክ?" አልኩት።

"ደንግጠሽ ነበር።"

"ታውቅ ነበር?"

"እጠረጥር ነበር።"

"ታዲያ ለምን ትጠጣለህ፣ አንተ ሰውዬ!"

"ቆመሽ ትጠብቂኝ ነበራ" አለ።

ሐሙስ፣ የካቲት 22

ብልቃጥ የገዙኝ ዘጠኝ ሰዎች ናቸው። ስምንቱ ቤት ሄድኩ፤ ዘጠነኛው ከሰፈር ለቋል፣ ስልኩን እያፈላለግኩ ነው። በር ላይ ቆሜ ለሁሉም ያንኑ ነገርኳቸው፦ ባሌን ያሳመመው ይህ ነው፣ ሰጪውም እኔ ነኝ፣ መልሱልኝ፣ የዓይናችሁንም ነጭ በቀን ብርሃን እዩ። አንዷ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። አንዷ ግን ግቢና ተቀመጪ አለችኝ፣ ያ ይበልጥ ከበደኝ። ሁሉም ደህና ናቸው፤ እንደኔ ቆሞ የሚያጠጣ ሰው የላቸውም።

ፖስተኛው ብልቃጡን ሲመልስልኝ "ለሾርባውስ፣ ልተወው?" አለ።

"ለሾርባው አይተዉት፣ ጋሼ። አንድ ቁንጥር።"

"ታዲያ ነገ ሩብ ኪሎ መዝኚልኝ" አለና ያን ትከሻውን እያሸ ገባ።

ልጄ ትናንት ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስትሳፈር ሳመችኝ፣ ጉንጬን ሳይሆን ግንባሬን፣ እኔ ትንሽ እሷ ትልቅ የሆንን ይመስል። ገና ተቀይማኛለች። ይገባታል።

ረቡዕ፣ የካቲት 28

ሁለት ነጥብ አንድ! ቤት ገባ። ደረጃውን ሲወጣ ጉልበቱን ይዞ አቃሰተ። ደግፌ አወጣሁት፣ አፌንም ዘጋሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 30

ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የሚበላው ለስሙ ነው። ሐኪሟ ያሰኛቸውን ይብሉ ብላለች። ዛሬ ጠዋት እንደልማዴ ዓሣውን አወጣሁ፣ ጨው አደረግኩበት፣ እጄ ወደ እርዱ ዕቃ ሄደ። እዚያው ቆምኩ። ዕቃውን ዘግቼ ወደ መኝታ ቤት ገባሁና "ምን ልሥራልህ?" አልኩት።

ትራሱ ላይ ቀና ብሎ አየኝ።

"ምን አሰኘህ? ምን ትበላለህ?"

"እንጃ" አለ። ከልቡ ነበር። ጣሪያውን እያየ ያስባል፣ ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም። አስቤው አላውቅም፤ ስሠራለት ኖርኩ፣ ሲበላልኝ ኖረ።

"ድንች" አለ በመጨረሻ። "ቅቅል። ነጩን።"

"ነጩን ማለት?"

ብርድ ልብሱን በጣቱ ቆነጠር ቆነጠር አደረገ። "አትቆጪኝም?"

"አልቆጣም።"

"እርድ አልወድም።"

መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። "ከመቼ ጀምሮ?"

"መጀመሪያ ቤታችሁ የመጣሁ ቀን እናትሽ ሩዝ ሰጥተውኝ ነበር" አለ። "ከዚያን ቀን ጀምሮ።"

ወጥ ቤት ገብቼ ሦስት ድንች ቀቀልኩ። ከጨው በቀር ምንም አላደረግኩበትም። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁና ግቢው ውስጥ ያልተሰበሰበ ሸራ ማጣጠፍ ጀመርኩ፣ ወደ መስኮቱ ላለማየት። ሸራውን ሁለት ጊዜ አጣጥፌ ሁለት ጊዜ ፈታሁት። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ከውስጥ ጠራኝ።

"አንቺ! ሌላ ድንች አለ?"